የሸራ ስፌት በእጅ፦ ከቡኢ የእድር ድንኳን የተነሣ ጥያቄ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከዚህ መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ብረት ምሰሶ ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ መርፌ፣ ስለ ክርና ስለ ሸራ ነው። ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ጉባኤ ያነሰ የሚመስለው ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ ነገሩን ያነሣሁት ለጨዋታ ሳይሆን፣ ቁርጥ ያለ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ስለ ቀረበልኝ ነው።

ጥያቄው የመጣው ከቡኢ ነው። ወላጆቼ አባል የሆኑበት አንድ የቡኢ እድር ትልቅ የጥጥ ሸራ ድንኳን አለው። ይህ ድንኳን ለብዙ ዓመታት ስንት ለቅሶ አስተናግዶ፣ በየመካከሉም ለሰርግ እየተከራየ ለእድሩ ገቢ ሲያስገኝ ኖሮ፣ ባለፈው ክረምት ጣራው እዚህም እዚያም ተተረተረና በሐዘንተኞች ራስ ላይ ውሃ ወረደ። ከዚያ በኋላ አባላቱ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን «አሮጌው ይጣልና በመዋጮ የፕላስቲክ ድንኳን ይገዛ» አለ። ሁለተኛው ወገን «ሸራ ሰፊ እያለን ምን አስቸኮለን፤ ይሰፋልን» አለ። መዋጮው ለባለሱቁ ቀላል ቢሆንም፣ ጉልት ተቀምጠው ለሚቸረችሩት እናቶች ግን የወር አስቤዛ የሚያናጋ ነው። በሁለቱ መካከል ዳኛ ሲጠፋ «የእገሌ ልጅ መሐንዲስ አይደለም እንዴ? እርሱ አይቶ ይንገረን» ተባለና ተጠራሁ። እንግዲህ መሐንዲስ መባል አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ዕዳ አለው።

ቡኢን ለማታውቋት፦ ከአዲስ አበባ በዓለም ገናና በመልካ ቁንጥሬ አድርጎ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ የምትገኝ የሶዶ ወረዳ ከተማ ናት። ከመድረሷ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ለመንገድ ሥራ ከኪሳቸው ገንዘብ ማዋጣታቸውን እኛ የመንገድ ሰዎች የምናውቀው ነው። የእድርንም አጀማመር ብዙ ጸሐፊዎች ወደ አዲስ አበባ ከፈለሱ የጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ አንድ ነገር በጋራ ገዝቶ በጋራ መጠበቅ ለዚህ አገር ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም።

የሸራ ሰፊ ሙያም በዚያ አካባቢ የቆመው በሁለት እግር ነው፤ አንዱ እድር ነው፣ ሌላው መንገዱ። የማረቆን በርበሬ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ሸራው ከተቀደደ፣ አንድ ዶፍ ዝናብ የደረቀውን በርበሬ አርጥቦ ለሻጋታ ይዳርገዋል። በዚህ ጊዜ ሹፌሩ የሚፈልገው ፋብሪካ ሳይሆን፣ በመንገድ ዳር ጉልበቱ ላይ ሸራ ዘርግቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሰፋለትን ሰው ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ ልግባ። ዛሬ «ሸራ» በሚለው አንድ ስም የሚጠሩ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ድሩም ማጉም ወፍራም የጥጥ ክር ሆኖ ጥብቅ ተደርጎ የተሸመነው የጥንቱ ሸራ ነው። ሁለተኛው ከፖሊስተር ክር ተሸምኖ በሁለት ፊቱ ፒ.ቪ.ሲ. የተቀባው ነው። ሦስተኛው ከፖሊኢትሊን ጥብጣብ የተሸመነው ቀላል ሸራ ነው፤ ሕዝቡ በአጭሩ «ላስቲክ» ይለዋል፤ የዕርዳታ ድርጅቶች ለተፈናቃዮች የሚያድሉት አራት ሜትር በስድስት ሜትር የሆነው ሸራ ከዚህ ወገን ነው። ሦስቱም ውሃ ይከላከላሉ፤ የሚከላከሉበት መንገድ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ የእጅ ስፌትም ለአንዱ መድኃኒት ሲሆን ለሌላው መርዝ ይሆናል። የቡኢው ክርክር ሁሉ የተነሣው ይህን ልዩነት ካለማጤን ነበር።

የጥጥ ሸራ ቀዳዳ የሌለው ጨርቅ አይደለም። ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ብታዩት በድርና በማግ መካከል የመርፌ ጫፍ የሚያህል ብርሃን ያሳልፋል። ነገር ግን የጥጥ ክር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥም ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል። ስለዚህም አዲስ የጥጥ ድንኳን በመጀመሪያው ዝናብ ጥቂት ቢያንጠባጥብ አያስደንቅም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ርሶ ከደረቀ በኋላ ይጠብቃል። የስፌቱም ነገር እንደዚሁ ነው። መርፌ የቀደደውን ቀዳዳ የጥጥ ክር ሞልቶት ከቆየ፣ ዝናብ በመጣ ጊዜ ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። በዚያው ቀዳዳ ውስጥ የናይለን ወይም የፖሊስተር ክር ቢገባ ግን ክሩ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ስለማያብጥ ውሃው በጎኑ ይሾልካል። ጠንካራው ክር አፈሰሰ፤ ደካማው ክር ከለከለ። ይህን ነገር እኔ ያነበብኩት ከመጽሐፍ ነው፤ ቡኢ ስደርስ ግን የነገሩኝ አንድ አዛውንት ሸራ ሰፊ ናቸው።

እኒህ አባት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ጫማ ሲሰፉ ኖረው፣ ኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ወደ ሸራ የዞሩ ናቸው። ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ካቀረብኩ በኋላ «አባባ፣ ለምን በናይለን ሲባጎ አይሰፉትም? ይጠነክር የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው በመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ «ልጄ፣ ናይለን ጥጥን ይበላዋል። ውሃም አይጠጣም። ውሃ የማይጠጣ ክር ውሃ አያቆምም» አሉኝ። ስለ መብላቱ የተናገሩትም እውነት ነው፤ ጠንካራና ለስላሳ ክር ደካማውን ጨርቅ ነፋስ ባንቀሳቀሰው ቁጥር እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ስፌቱ ሳይነካ ጨርቁ በስፌቱ ጠርዝ ይተረተራል።

የሚሠሩባቸው መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ አንድ ወስፌ፣ ሁለት ሦስት ወፋፍራም መርፌዎች፣ መርፌውን የሚገፉበት በመዳፋቸው ላይ የሚታሰር የቆዳ ቁራጭ፣ ጉጠት፣ መቀስ፣ አንዲት የጧፍ ቁራጭም። ክሩን ሁለት ሦስት አድርገው ይገምዱትና ከላይ እስከ ታች በጧፉ ይስቡታል። ሰሙ የክሩን ጭረት ያስተኛል፤ ግማዱ እንዳይፈታ ይይዘዋል፤ በጨርቁ ውስጥ ሲያልፍ እንዳይላግም ይረዳዋል፤ ከሻጋታም ጥቂት ያዘገየዋል። በውጭ አገር የመርከብ ሸራ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ዕቃ ሥዕሉን አይቼዋለሁ፤ የመዳፍ ቆዳ፣ የንብ ሰም፣ ሦስት ማዕዘን ያለው መርፌ። መርፌው ሦስት ማዕዘን የሆነበት ምክንያት ድሩንና ማጉን ሳይቆርጥ ወደ ጎን ገፍቶ እንዲያልፍ ነው። ከጦር መርከቡ «ቪክቶሪ» እ.ኤ.አ. ከ1805ቱ የትራፋልጋር ጦርነት የተረፈው ሸራ፣ ጥይት በሳስቶት ሳለ እስከ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ተጠብቆ ይገኛል፤ የተሰፋው በእጅ ነው። የልብስ መኪና በተግባር የተስፋፋው ኤሊያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846፣ ሲንጀርም በ1851 የፈጠራ መብት ካስመዘገቡ በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በባሕር ላይ የተጓዘ ሸራ ሁሉ የሰው መዳፍ የገፋው ነበር ማለት ነው።

በእኛም አገር ቢሆን የነገሥታቱ ከተማ ለረጅም ዘመን የድንኳን ከተማ ነበረች። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 መጥቶ ስድስት ዓመት ሲቆይ ያየው የዐፄ ልብነ ድንግል ሠፈር በድንኳን የተሠራ፣ ሥርዓቱና ደረጃው የተጠበቀ ተንቀሳቃሽ ከተማ ነበር። ያን ሁሉ ጨርቅ የሸመነና የሰፋ ሰው ስም አልተጻፈም።

በመኪና ስፌትና በእጅ ስፌት መካከል ስላለው ልዩነትም መናገር ይገባኛል። የልብስ መኪና የሚሰፋው በሁለት ክር ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆኖ በጨርቁ መካከል ይቆላለፋሉ። የላይኛው ክር በአንድ ቦታ ተፍቆ ቢበጠስ፣ በነፋስ በተመታ ቁጥር ከዚያ ጀምሮ እየተፈታ ሊሄድ ይችላል። እኒህ አባት ጠርዝ ሲሰፉ ግን አንድ ክር በሁለት መርፌ ይዘው፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከወዲህና ከወዲያ ያሳልፉታል። በአንድ ወገን ያለው ቢበጠስ የሌላው ወገን ይይዛል። ጫማ ሰፊዎችና ኮርቻ ሠሪዎች ይህን ያውቁታል። በፍጥነት ከሆነ መኪናው ይበልጣል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ደግሞም ለቤት የሚሆነው ተራ የልብስ መኪና አራት እጥፍ የሆነ ሸራ አይበሳም፤ መርፌው ይሰበራል።

እንግዲህ የእድሩ ሰዎች የጠየቁኝ «በእጅ የተሰፋ ስፌት ነፋስ ይችላል ወይ?» የሚል ስለነበረ፣ እርሳሴን አውጥቼ እዚያው ደጃፍ ላይ አሰብኩት። እናንተም ተከተሉኝ። ቡኢ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ክብደት በሜትር ኩብ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር፣ ማለት በሴኮንድ 20 ሜትር የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 200 ኒውተን፣ በተለመደው አነጋገር 20 ኪሎ ያህል ይጫናል። በሦስት ሜትር ርቀት በቆሙ ሁለት ምሰሶዎች መካከል የተወጠረው ሸራ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢጎብጥ፣ የጉብጠቱ ሬዲየስ ከ11 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህም መሠረት በእያንዳንዱ ሜትር ስፌት ላይ የሚደርሰው ውጥረት 2,260 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 230 ኪሎ ይሆናል። ይህ ሲሰማ ያስፈራል። ነገር ግን በአንድ ሳንቲ ሜትር ሁለት ስፌት ካለ፣ አንዱ ስፌት የሚሸከመው ከአንድ ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። በሰም የተሳበ ግማድ ክር ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሸከማል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ሌላም ቁም ነገር አለ። ያው ሸራ 10 ሳንቲ ሜትር በመጉበጥ ፈንታ 30 ሳንቲ ሜትር እንዲጎብጥ ሆኖ ቢተከል፣ ውጥረቱ ወደ 780 ኒውተን፣ ማለትም ወደ ሦስተኛው እጅ ይወርዳል። ድንኳን ተካዮች ለዓይን እንዲያምር ብለው እንደ ከበሮ የሚወጥሩት ድንኳን ስፌቱን ከሚገባው በላይ ያሠቃያል። በተለይ የጥጥ ሸራና የጥጥ ገመድ ሲርስ ስለሚያጥር፣ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ገመዱን ጥቂት ማላላት ይገባል። ይህን የእድሩ ጎልማሶች እኔ ሳልነግራቸው ያውቁታል፤ ሠርተው አይሠሩበትም እንጂ። (በእኛም ሙያ ያለው ሁኔታ ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም።)

ስለዚህ ክሩ በጭነት አይበጠስም። ታዲያ ድንኳኑ ለምን ተተረተረ? የሚገድለው ሌላ ነው። አንደኛው ፀሐይ ነው፤ የጥጥን ክር ከዓመት ወደ ዓመት እያደከመች ታደቅቀዋለች። ሁለተኛው ሳይደርቅ ታጥፎ መቀመጡ ነው፤ ሻጋታ ጥጥን ይመገባል። ሦስተኛው የስፌቱ መብዛት ነው። ብዙ ሰው ስፌት በተቀራረበ መጠን ይጠነክራል ብሎ ያስባል፤ በጣም የተቀራረበ ቀዳዳ ግን ጨርቁን እንደ ቴምብር ጠርዝ ያደርገዋል፤ ሲሳብ በዚያው መስመር ላይ ይቀደዳል። አዛውንቱ ሁለተኛውን ረድፍ ሲሰፉ ከመጀመሪያው ረድፍ ቀዳዳ ፊት ለፊት አያደርጉትም፤ በመሐል በመሐሉ ያስገቡታል። እኛ የብረት ሰሌዳ ስናያይዝ ሚስማሩን በዝንቅ የምናደርግበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ድንኳኑን በሜዳ ላይ ዘርግተን ቁራጭ በቁራጭ መረመርነው። የእኔ ፈተና ቀላል ነበር፤ ከጠርዙ ጥቂት ተርትሬ በሁለት አውራ ጣቶቼ መሳብ። የእርሳቸው ደግሞ ከዚያም የቀለለ ነበር፤ መርፌውን ይሰኩና ድምፁን ያዳምጣሉ። ሕያው ሸራ መርፌ ሲገባበት ይጮኻል፤ የሞተው ዝም ይላል። ሁለታችን በየተራ ምልክት ስናደርግ ከሁለት ቦታ በስተቀር ተስማማን፤ በሁለቱም ቦታ ደግመን ስንፈትን ያሸነፉት እርሳቸው ናቸው። ውጤቱ ይህ ሆነ፤ ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት የጣራው ሸራ ሞቷል፤ የግድግዳው ሸራ ግን በአብዛኛው ጤነኛ ነው፤ ጣራና ግድግዳ የሚገናኙበት ስፌትም ዳግመኛ መሰፋት ይችላል።

ስለዚህ ለእድሩ የሰጠሁት መልስ ከሁለቱ ወገኖች አንዱንም በሙሉ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ጣራውን መጣፍ ከንቱ ድካም ነው፤ የሞተን ጨርቅ የቱም ስፌት አያነሣውም፤ በእራፊ ላይ እራፊ ቢደረብ ስፌቱ የሚይዘው ጤነኛ ጨርቅ ያጣል። ድንኳኑን በሙሉ መጣል ደግሞ ከግማሽ በላይ የሆነ ደህና ሸራ መጣል ነው። የጣራው ሸራ ብቻ በአዲስ የጥጥ ሸራ ይለወጥ፤ ከግድግዳውም ጋር በእጅ ይሰፋ አልኩ።

አንድ አባል ተነሥተው «ጣራውን ከፕላስቲኩ፣ ግድግዳውን ከአሮጌው ብናደርግስ? ይረክስ የለም?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ብልህነት ነበረበት፤ መልሱ ግን አይሆንም ነው። ጥጥ ሲርስ ያጥራል፤ ፖሊስተር አያጥርም። ሁለቱን በአንድ ስፌት ካጋባናቸው በየዝናቡ አንዱ ሲጎትት ሌላው ሲቆም ስፌቱ በመካከላቸው ይሰቃያል። ደግሞም ፒ.ቪ.ሲ. የተቀባ ሸራ ውሃ የሚከላከለው በቅቡ ነው። በመርፌ ከተበሳ በኋላ ቀዳዳው ለዘለዓለም ቀዳዳ ነው፤ አብጦ የሚዘጋው የለም። እንዲህ ያለው ሸራ በሙቅ አየር መበየድ ወይም በሚስማማው ሙጫ መጣበቅ አለበት እንጂ በወስፌ አይነካም። ለጭነት መኪና ይህ ሸራ ከጥጡ እንደሚሻል ልሸሽግ አልፈልግም፤ አይበሰብስም፣ ውሃ ጠጥቶ አይከብድም፣ ቶሎ ይደርቃል። ለለቅሶ ድንኳን ግን፣ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ የሚቀመጥበት በመሆኑ፣ የሚተነፍሰው ጥጥ ይሻላል። በቀትር በፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ምስክሬ ነው።

አዲሱን ሸራ ከአሮጌው ጋር ከመስፋት በፊትም አንድ ሥራ አለ። አዲስ የጥጥ ሸራ መጀመሪያ ሲርስ ይሰበሰባል። ሳይነከር ቢሰፋ በመጀመሪያው ዝናብ እርሱ ሲያጥር አሮጌው ባለበት ስለሚቀር ስፌቱ በሙሉ ይጨማደዳል፤ በየጭምዳዱም ውሃ ይቋጠራል። አዛውንቱ ሸራውን ሁለት ጊዜ ነክረው አድርቀው ነው የቆረጡት። ጠርዞቹንም እርስ በርስ አቆላልፈው አጠፉ፤ የላይኛው እጥፋት በታችኛው ላይ እንዲወድቅ አደረጉ፤ ይህም ቆርቆሮ ሲመታ ከላይ ያለው ከታች ባለው ላይ እንደሚደረበው ነው። ገመድ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ደግሞ በብረት ቀለበት ብቻ አልተዉአቸውም፤ የቃጫ ገመድ አዙረው ዙሪያውን በክር ዘመዘሙት። ቃጫ ከእንሰት የሚገኝ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንሰት ሲፋቅ ቆጮው ለምግብ፣ ቃጫው ለገመድ ይሆናል። የገመድ ዝና ያለው አባካ የሚባለው የፊሊፒንስ ተክልም የእንሰት ዘመድ ነው። እኛ ግን ለሥራ ቦታችን ገመድ ስናዝ የምናዝዘው ከውጭ የሚመጣውን ነው።

ይህን ሁሉ ለእናንተ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። ለሥራ ቦታ ድንኳን፣ ለሲሚንቶ መሸፈኛ፣ ለመጋዘን መጋረጃ የጨረታ ሰነድ የምናዘጋጀው እኛው ነን። በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ «በእጅ የተሰፋ ወይም የተጠገነ ሸራ ተቀባይነት የለውም» የሚል አንቀጽ ከሰነድ ወደ ሰነድ ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንቀጹ ለተቀባው ሸራ ትክክል ነው፤ ለጥጡ ግን ምክንያት የለውም። በዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር የተነሣ ሊጠገን የሚችል ሸራ ይጣላል፤ ሰፊውም ሥራ ያጣል። አንቀጹ የሸራውን ዓይነት እንዲለይ፣ ለጥጥ ሸራ የክሩን ዓይነት፣ የስፌቱን ርቀትና የጠርዙን አጣጠፍ እንዲወስን ተደርጎ እንዲሻሻል ለማኅበሩ የደረጃ ኮሚቴ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ዛሬ ስድቡ በአደባባይ እንደ ጥንቱ አይሰማም። ይሁን እንጂ እኒህ አባት የሚያስተምሩት ልጅ የላቸውም። አንድ የጎረቤት ወጣት ለጥቂት ጊዜ ተቀምጦባቸው ነበር፤ ኋላ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። አልፈርድበትም፤ በባጃጅ የዕለት ገቢው ይታወቃል። ዓይናቸውም እየደከመ ነው፤ መርፌው ውስጥ ክር የምታስገባላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ከትምህርት ቤት ከመመለሷ በፊት የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ጠዋት አሰክተው ደረታቸው ላይ ደርድረው ያስቀምጣሉ።

የእድሩ ጉባኤ ክርክሩን በድምፅ ብልጫ ጨርሶ የጣራው ሸራ እንዲለወጥ ወሰነ። የመዋጮው መጠን አስቀድሞ ከታሰበው አነሰ፤ ሥራው ለመስቀል እንዲደርስ ተባለ። ከአዲስ አበባ ለበዓሉ የሚመጣው ሰው ብዙ ስለሆነ ድንኳኑ በዚያ ሰሞን ሥራ አይፈታም። እኔ ያዘዝኩት ሌላ ነገር ቢኖር ድንኳኑ በሁለት በኩል ፀሐይ ሳይመታው ሳይታጠፍ፣ በመሬት ላይም ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ እንዲቀመጥ ነው።

በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ አራት ናሙናዎች አስቀምጫለሁ፤ ሁለቱ በጥጥ ክር፣ አንዱ በናይለን የተሰፉ ሲሆኑ አራተኛው ከድንኳኑ ጣራ የተቆረጠ የሞተ ሸራ ነው። በጎኑ ያለውን የውሃ ጣሳ በየስፌቱ ላይ አፍስሳችሁ መመልከት ትችላላችሁ። በሰም የተሳበውን ክር በእጁ ለመበጠስ የሚፈልግ ካለ ግን በመሐረብ ይጠቅልለው፤ ጣት ይቆርጣል።